የመቀጮ ቁራኛ

በጥንቱ የአገራችን የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ፣ ነገሩ እስኪለይ ድረስ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። አሠራሩ ቢቀርም ቃሉ አልቀረም፤ ዛሬም «የአልጋ ቁራኛ» እንላለን። ይህን ቃል ያስታወሰኝ ከአሜሪካ ደቡብ፣ ከአላባማ ግዛት የተገኘ አንድ የክስ መዝገብ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

በ1910 ኤድ ሪቨርስ የተባለ ሰው በቀላል ስርቆት ተፈረደበት። መቀጮው 15 ዶላር ነበር፤ የፍርድ ቤቱ ወጪ ግን 43 ዶላር ከ75 ሳንቲም። ሪቨርስ የሚከፍለው አልነበረውም። ሬይኖልድስ የሚባል ሰው ዋስ ሆኖ ከፈለለትና በምላሹ በወር በ6 ዶላር ሒሳብ 9 ወር ከ24 ቀን ሊሠራለት አስፈረመው። ሪቨርስ ጥቂት ሠርቶ ተወ። ውሉን ማፍረስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነበርና እንደገና ተከሶ ተቀጣ። አሁን መቀጮው 1 ሳንቲም ብቻ ሆነ፤ ወጪው 87 ዶላር ከ5 ሳንቲም! ሌላ ዋስ መጥቶ ከፈለ፤ ሰውየውም ለ14 ወር ከ15 ቀን ለአዲሱ ጌታ ታሰረ። ከሁሉ የሚገርመው፣ መጀመሪያውኑ ዋስ አጥቶ የመንግሥትን የጉልበት ሥራ ቢሠራ ኖሮ ቅጣቱ ቢበዛ በ68 ቀን ያልቅ ነበር።

ይህ የአንድ ክፉ ዳኛ ሥራ አልነበረም። ባርነት በ1865 ሲሻር የሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ «ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር» የሚል ቀዳዳ ትቶ ነበር። ሚሲሲፒ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ መቀጮውን በ5 ቀን ውስጥ ያልከፈለ ነጻ የወጣ ጥቁር፣ መቀጮውን ለሚከፍልለት ሰው እንዲከራይ አዘዘች። የእርሻ ባለቤቶች ጉልበት ይሹ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አቀረበላቸው።

የሪቨርስ ጉዳይ በ1914 ከፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ግዛቲቱ ይህ የወንጀል ቅጣት ነው ስትል ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም፦ መንግሥት ገንዘቡን ተቀብሏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ዕዳ ነው፤ ሰውን ለዕዳ በግዴታ ማሠራት ደግሞ ክልክል ነው አለ።

ጉልበቱ ተለቀቀ እንበል። የመምረጥ መብቱስ? የአላባማ የ1901 ሕገ መንግሥት ከመራጭነት የሚያስወግዱ ወንጀሎችን ሲዘረዝር ስርቆትንም ቦዘኔነትንም አስገብቷል። የጉባኤው ፕሬዚዳንት ጆን ኖክስ ዓላማው የነጮችን የበላይነት በሕግ ማቋቋም መሆኑን በመክፈቻ ንግግሩ አልደበቀም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከዝርዝሩ አንዱን ክፍል የሻረው በ1985 ነው፤ 84 ዓመት ቆይቶ።

ዕዳው ግን አሁንም ከመብት ጋር እንደተቆራኘ ነው። በጎረቤት ፍሎሪዳ ከመራጩ ሕዝብ 65 ከመቶ ገደማ የሚሆነው በ2018 ቅጣታቸውን ለጨረሱ ሰዎች፣ በነፍስ ግድያና በከባድ የወሲብ ወንጀል ከተፈረደባቸው በቀር፣ የመምረጥ መብት እንዲመለስ ወሰነ። ምክር ቤቱ በ2019 «ቅጣት መጨረስ» ማለት መቀጮንና የፍርድ ቤት ክፍያን ሁሉ መክፈል ነው ብሎ ደነገገ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2020 ሕጉን 6 ለ4 በሆነ ድምፅ አጸናው። የአብላጫዎቹ ዳኞች መከራከሪያ ባዶ አይደለም፤ መቀጮ በእርግጥ የቅጣቱ አካል ነው። ነገር ግን እኩል የተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ በዕለቱ ከፍሎ ሲመርጥ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ ሊከለከል ይችላል። በአሜሪካ ለመምረጥ ግብር ማስከፈል ደግሞ ከ1960ዎቹ ወዲህ የተከለከለ ነው።

በክርክሩ ወቅት የታየው ሌላው ነገር ግዛቲቱ ብዙዎቹ ሰዎች ስንት ዕዳ እንዳለባቸው ራሷም ለይታ ማቅረብ አለመቻሏ ነበር። የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህንንም የሕገ መንግሥት ጥሰት ሆኖ አላገኘውም።