ሌንሱ ሲሞት

ባለፈው ፋሲካ ደብረ ታቦር ስገባ የቤታችን ሲዲ ማጫወቻ ታሟል። ሲዲውን ይውጣል፣ ትንሽ ያሽከረክራል፣ «ኖ ዲስክ» ብሎ ይጽፋል። አባቴ ፍርዳቸውን ሰጥተዋል፦ «በቃ ጣለውና አዲስ ግዛ።» እኔም እሺ ልል ነበር።

ያስቆመኝ አንድ ሲዲ ነው። አያቴ በአጎቴ ሠርግ ላይ ያሰሙት ቀረርቶ በካሴት ተቀርጾ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ አንድ ሱቅ ወደ ሲዲ «ራይት» አደረገልን፤ ካሴቱ ላይ በኋላ ሌላ ነገር ተቀረጸበት። አያቴ አሁን የሉም።

ማጫወቻውን ይዤ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደማውቃቸው ቴፕ ጠጋኝ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይድናል?»

«ሌንሱ ደክሟል፣ ልጄ። በአልኮል ጠረግሁት፤ አልሆነም። ዕቃው ከመርካቶ ከመጣ ይሠራል፤ ካልመጣ ግን አለቀ።»

በካሴት ዘመን ጋሼ «ካልመጣ» የሚሉት ነገር ብዙም አልነበራቸውም። ቴፕ እርጅናውን ይናገራል። ቀበቶው ሲላላ ዘፋኙ ይጎተታል፤ ሄዱ ሲቆሽሽ ድምፁ ይታፈናል። በጥጥና በአልኮል ትጠርጋለህ፣ የተፈታውን ክር በቢክ እስክሪብቶ ታጠነጥናለህ። ግማሹ ጥገና በየቤቱ ያልቅ ነበር።

ሲዲ ሌላ ፍጥረት ነው። ሶኒ የመጀመሪያውን ማጫወቻ፣ ሲዲፒ-101ን፣ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1982 ነው። ውስጡ ያለው ሒሳብ ግን በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን በ1960 ያሳተሙት የስህተት ማረሚያ ዘዴ ነው። ሙዚቃው ተቆራርጦና ተበታትኖ፣ ከተጨማሪ የማረሚያ ቁጥሮች ጋር ይጻፋል። 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ጭረት ቢበላው እንኳ የጠፋው ከቀረው ተሰልቶ ይመለሳል። ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝና ይኼን ነገር እወደዋለሁ። ጣጣው ግን እዚያው ላይ ነው። ሌንሱ ዓመት ሙሉ ሲዳከም ማረሚያው ይሸፍንለታል፣ አንተ ጥርት ያለ ድምፅ ትሰማለህ፣ አንድ ቀን በቃ፣ «ኖ ዲስክ»።

ሱቅ ውስጥ ራይት የተደረገ ሲዲ ደግሞ የባሰ ነው። ፋብሪካ ያሳተመው ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጹ ጉድጓዶች አሉት፤ የእኛው በሌዘር የተቃጠለ ቀለም ነው፣ የሚመልሰው ብርሃንም ያንሳል። የደከመ ሌዘር መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው። ቀለሙም ራሱ ያረጃል። ታዲያ የሞተው ማጫወቻው ነው ወይስ ሲዲው? ይኼ ሳይለይ «ይጠገን ወይስ ይቀየር» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም።

«ዕቃው ካልመጣ» ደብረ ታቦር ውስጥ አዲስ ቃል አይደለም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንንና አብረዋቸው የነበሩትን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ሥሩ ያሏቸው እዚያ ነው። አንችልም ቢሉም አልተዋቸውም፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፣ እስከ መቅደላም ተጎተተ። ስለ ጋፋት ሲወራ መድፉ ብቻ ይወራል። እኔን የሚገርመኝ ግን በዚያው ሰሞን የሆነው ሌላው ነገር ነው። ንጉሡ በ1866 (እ.ኤ.አ.) ዮሐን ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲመጡላቸው ጠየቁ። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ። የታሰሩት አውሮፓውያን ሳይፈቱ አይሄዱም ተባለና፣ ደብረ ታቦርን ሳያዩ ተመለሱ።

መቀየርስ? የቀየርነውን እናውቃለን። አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ መብቱ የአገር ፍቅር ብቻ ነበር፤ ደፍረው ገቡበት። ከዚያ ካሴት መጣ፣ ሸክላው ቆመ፣ ማጫወቻው ከየቤቱ ወጣ። በ1997 ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ጋር «ኢትዮፒክስ»ን ማውጣት ሲጀምር፣ የገዛ ሙዚቃችንን በሲዲ መልሰን ከፈረንጅ ገዛን። ለታዋቂዎቹ እንኳን ፋልሴቶ ነበረላቸው። ለአያቴ ቀረርቶ ማን አለ?

ስለዚህ መጀመሪያ ሲዲውን ያዝኩ። ከጎረቤት አሮጌ ላፕቶፕ ተዋስኩ፤ የአሁኖቹ ሲዲ መክተቻ የላቸውም። ሲዲፓራኖያ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አልነበብ ያለውን ቦታ ሳይሰለች ደጋግሞ ያነባል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አደረ። ጠዋት ድምፁ ወጥቷል፤ መሀል ላይ ብቻ ጥቂት ሰከንድ የለም። ሲዲውም ታሟል ማለት ነው። የጠፋው፣ አያቴ የአባታቸውን ስም ጠርተው ሊፎክሩ ሲሉ ነው። አባቴ ጆሯቸውን ላፕቶፑ ላይ አስጠግተው ሰሙና፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ስሙን ራሳቸው ሞሉት። ከዚያ «ድገመው» አሉኝ።

ስለ ማጫወቻው ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ክዳኑን ሲከፍቱ የሌንሱን ቁጥር አነበብኩ፤ ኬኤስኤስ-213 ይላል። ይኼ የሶኒ ሌንስ የብዙ ፋብሪካዎች ማጫወቻ ውስጥ ገብቷል፤ ከመርካቶ ባይመጣ ከሞተ ዴክ ይወጣል። ብርቅ ቁጥር ቢሆን ኖሮ የአባቴን ምክር እሰማ ነበር። ጋሼ መደርደሪያው ሥር ከተከመሩት አሮጌ ዴኮች አንዱን ጎትተው አወጡና አቧራውን እፍ አሉበት።

«ዓርብ ና» አሉኝ።