የተደፈነው በረንዳ

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆላ ላይ አረፈ፤ ጣቢያውም ከተማ ሆነ። ከዚራን የቀየሱት ፈረንሳዮች ከሙቀቱ ጋር ግብግብ አልገጠሙም። ጣሪያውን ከፍ፣ ግድግዳውን ወፈር አደረጉና በረንዳ አወጡለት፤ መንገዱን ዛፍ አለበሱት። የእኛ ቢጤው ቆርቆሮ ለባሽ ቤትም እንደ አቅሙ በረንዳ አወጣ።

በረንዳን ፈረንጅ አስተማረን የሚል ካለ ግን ጀጎል ይግባ። የሐረሪ ቤት ለመንገዱ ጀርባውን፣ ለግቢው ፊቱን የሰጠ ነው፤ የቤቱ ግማሽ ኑሮ ደጅ ነው።

አሁን የማድሰው የአክስቴ ቤት ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነበረው። በረንዳው በብሎኬት ተደፍኖ ሦስተኛ ክፍል ሆኗል። ምክንያቱ ድህነት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ተወለት፤ የግል ቤት ማከራየትንም ከለከለ። ቤተሰብ ግን በአዋጅ አይቆምምና ልጅ ሲያገባ፣ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ቤቱ ወደ ገዛ ደጁ ተስፋፋ። የድሬ ብዙ በረንዳ የጠፋው እንዲህ ይመስለኛል።

ግንቡ ይፍረስ ስላቸው አክስቴ ዝም አሉ። ሁለት ልጆቻቸው የተዳሩት፣ ሦስት የልጅ ልጆች የተወለዱት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። «እናንተ ሙቀት ትላላችሁ፤ እኛን ያኖረን እሱ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። መልስ አልነበረኝም። (በአዲስ አበባ «በረንዳ አዳሪ» መጠጊያ ያጣ ሰው ነው፤ በድሬ የበጋ ሌሊት ግን ባለቤቱም አልጋውን አውጥቶ ደጅ ያድራል። ቃሉ ቆላ ወርዶ ትርጉሙን ይጥላል።)

ተደራድረን የምሥራቁን ግማሽ አፈረስን፤ የምዕራቡ የከሰዓቱን ፀሐይ ይከልላልና ቆመ። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ገባ፤ የታመቀው ትኩስ አየር እንዲወጣ በሁለቱም ጫፍ ፍርግርግ ተተወለት። በሩና የጓሮው መስኮት ትይዩ ሆኑ። ወለሉን አንድ ክንድ ከፍ አድርገነዋል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው የወሰደበት ከተማ ነውና ደጅ መክፈት ብቻውን አይበቃም። ደጁ ላይ ኒም ተክለናል። እስኪያድግ ድረስ ማታ ማታ ግቢውን ውኃ እንረጫለን፤ የአክስቴም አልጋ ከቆመው ግንብ ሥር ነው።