ሁለት ቢሾፕ በአንድ ፈረስ ላይ

ቼዝ የምትጫወቱ ተማሪዎች እስቲ አንድ ጥያቄ። ንጉሥና ሁለት ቢሾፕ ያለው ተጫዋች፣ ንጉሥና አንድ ፈረስ ብቻ የቀረውን ማሸነፍ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ1851 ክሊንግና ሆርዊትዝ የተባሉ ሁለት አዋቂዎች፣ ፈረሱ ከሰሌዳው ጥግ አጠገብ ከንጉሡ ጋር ተጠግቶ ከቆመ ጨዋታው አቻ ነው ብለው ጻፉ። ይህ ትምህርት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀዳ ከ130 ዓመት በላይ ቆየ።

ነገሩን የገለበጠው ኬን ቶምሰን ነው። ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሲስተም ከፈጠሩት አንዱ ሲሆን በአሜሪካ ቤል ላብስ ይሠራ ነበር። ዘዴው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ድሉ ያለቀባቸውን አቀማመጦች በሙሉ ይመዘግባል። ቀጥሎ፣ ተከላካዩ የፈለገውን ቢጫወት ወደነዚያ በአንድ እርምጃ የሚያደርሱትን፣ ከዚያ በሁለት፣ በሦስት፣ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። መዝገቡ ሲያልቅ ግምት የሚባል ነገር የለም።

በ1983 መልሱ ወጣ፦ ሁለቱ ቢሾፖች ከጥቂት አቀማመጦች በቀር ያሸንፋሉ፣ የጥጉ መከላከያም አያድንም። ግን እስከ 66 እርምጃ ሊፈጅ ይችላል። ታዲያ ደንቡስ? 50 እርምጃ ምንም ሳይበላና ወታደር ሳይንቀሳቀስ ካለፈ አቻ መጠየቅ ይቻላል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለአንዳንድ ፍጻሜዎች ገደቡን ከፍ አድርጎ ነበር፤ በ1992 ግን ሁሉንም ወደ 50 መለሰው።

ከ2012 ጀምሮ ንጉሦቹን ጨምሮ እስከ 7 ጠጠር ያለው ፍጻሜ ተመዝግቧል፤ ማት ለማድረግ 549 እርምጃ የሚፈልግ አቀማመጥም ተገኝቷል። ጠጠሩ ሲበዛ ግን ሙሉ መዝገብ የለም፣ ፕሮግራሙ እንደኛው ማስላት አለበት። በተለይ ተከላካዩ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠ እንደሆነ፣ መግቢያ በሌለበት ጨዋታ ፕሮግራሙ እያሸነፍኩ ነው ሲል ይታያል።

እኔን እንደ መምህር የገረመኝ ግን የዋልተር ብራውን ነገር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህ የአሜሪካ ሻምፒዮን ንግሥት ይዞ፣ ሩክ የያዘውን የቶምሰንን ኮምፒዩተር በ50 እርምጃ አሸንፋለሁ ብሎ ተወራረደ። እንደ መዝገቡ 31 ይበቃው ነበር። መጻሕፍት ሩኩ ከንጉሡ አይራቅ ይላሉ፤ ማሽኑ ግን ሩኩን ወስዶ ሩቅ አስቀመጠበት። ሰውየው ግራ ገባው፣ 50ው አለቀ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቁጭ ብሎ አጠናና ተመልሶ መጣ። ሩኩን የበላው ልክ በ50ኛው እርምጃ ነው።