ምስለ ፕሮሰሰር በምስለ ማሽን ውስጥ፤ ከንፋስ ስልክ የታየ አጭር ታሪክ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የንፋስ ስልክ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ተተክሎ ከነበረው ያለ ሽቦ መልእክት ማስተላለፊያ ጣቢያ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ስልክ ሽቦውም እንጨቱም ለሁሉ የሚታይ ስለነበረ፣ ሽቦ የሌለው በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ቀድሞ በሚያውቀው መስሎ «ንፋስ ስልክ» ብሎ ጠራው። ስያሜው መልእክቱ ያለ ሽቦ መድረሱን በሚገባ ይገልጻል፤ መልእክቱን የሚሸከመው ግን ነፋስ አይደለም። ምሳሌ ሁሉ የሚይዘውና የሚተወው ነገር እንዳለው ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የሰፈር ስም የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛል። ለእንደዚህ ያሉ ተቋማት የማስተማሪያ መሣሪያ የሚመርጥ የዕቅድ ሠራተኛ፣ ዋጋው የከበደውን እውነተኛ ማሽን ከመግዛት ይልቅ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ ምስሉን መውሰድ ይሻል እንደሆነ መወሰን ይኖርበታል። ምስሉ ርካሽ ነው፤ ቢሰበርም አይጎዳም። ይሁን እንጂ ምን እንደተወ በግልጽ ካልተነገረ ዋጋው በኋላ በሌላ መንገድ ይከፈላል። የአንድ ፕሮሰሰር ምስል በሌላ ማሽን ምስል ውስጥ እንዲያድር የማድረጉ ታሪክ ይህንን በጉልህ ያሳያል።

ምስለ ፕሮሰሰር ማለት ለሌላ ፕሮሰሰር የተጻፉትን ትእዛዞች አንድ በአንድ እያነበበ ያ ፕሮሰሰር ያደርገው የነበረውን የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ፕሮሰሰር ግን ብቻውን የሚኖር ነገር አይደለም፤ በዙሪያው መለኪያዎች፣ ሞተሮች፣ ማስታወሻዎች አሉት። ስለሆነም ምስሉ በሙሉው ማሽን ምስል ውስጥ መግባት አለበት።

የታሪኩ ጅምር ራሱ ከበረራ ትምህርት ጋር የተያያዘ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ የበረራ ማሠልጠኛ እንዲሠራለት ጠየቀ። የሥራው መሪ ጄይ ፎሬስተር በአናሎግ ስልት ጀምሮ፣ ያ ስልት የሚፈለገውን ፍጥነትና ትክክለኛነት የማይሰጥ መሆኑን በተረዳ ጊዜ ወደ ዲጂታል ኮምፒዩተር ዞረ። «ዊርልዊንድ» የተባለው ኮምፒዩተር በ1951 ሥራ ሲጀምር የበረራ ማሠልጠኛው አሳብ ቀርቶ ነበር። አውሮፕላን ለመምሰል የተነሣው ሥራ ኮምፒዩተር ወልዶ አረፈ።

በ1975 ደግሞ ፖል አለንና ቢል ጌትስ «አልቴር 8800» ለተባለው አነስተኛ ኮምፒዩተር የቤዚክን ቋንቋ ለማዘጋጀት ሲነሡ ማሽኑ በእጃቸው አልነበረም። አለን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ፒዲፒ-10 ኮምፒዩተር ውስጥ የኢንቴል 8080 ፕሮሰሰርን ምስል ሠራ፤ ቤዚኩም የተፈተነው በዚያ ምስል ላይ ነው። ፕሮግራሙን ወደ ማሽኑ የሚያስገባውን አጭር ትእዛዝ ግን ረስተውት ስለነበር፣ አለን ወደ አልበከርኪ ሲጓዝ በአውሮፕላን ውስጥ ጻፈው። በእውነተኛው አልቴር ላይም ሠራ።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለት ምስሎች ሲጣመሩ ነው። ምስለ ፕሮሰሰሩ ጊዜን የሚቆጥረው በፈጸማቸው ትእዛዞች ሲሆን፣ ምስለ ማሽኑ ግን የሚቆጥረው በሁኔታዎች ተራ ነው። ፕሮሰሰሩ ሺህ ትእዛዝ ቀድሞ ቢሮጥ የመለኪያው ቁጥር ከዘገየ በኋላ ይደርሰዋል፤ በየእርምጃው እንዲጠባበቁ ቢደረግ ደግሞ ሥራው ሁሉ ይንቀረፈፋል። ፈጣንና ዝግተኛ በሬ በአንድ ቀንበር የጠመደ ገበሬ ችግሩን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው «ጄምስ» የማስታወሻውን ክፍል ራሱ እየመሰለ የፕሮሰሰሩን ሥራ «ሲሚክስ» ለተባለው የስዊድን ኩባንያ ምስል ይተው ነበር። በ2011 ከሚሺጋኑ «ኤም5» ጋር ተዋሕዶ «ጄም5» ሆነ።

በምስለ በረራ መሣሪያዎች ዘንድ የአውሮፕላኑን ኮምፒዩተሮች ለማስገባት ሦስት መንገዶች ይሠራባቸዋል። እውነተኛውን ሣጥን መትከል፣ ፕሮግራሙን ለምስለ በረራው ኮምፒዩተር እንደገና ማዘጋጀት፣ ወይም የፕሮሰሰሩን ምስል አስገብቶ ዋናውን ፕሮግራም ሳይነካ ማስኬድ ነው። በሦስቱም አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ ይኸውም የትኛው የኮምፒዩተሩ ሥራ እንደገባና የትኛው እንደቀረ ነው።

ይህ ጥያቄ በአገራችን እጅግ መራራ መልስ አግኝቷል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት ወር በኢንዶኔዥያ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች «ኤምካስ» የተባለው የበረራ ኮምፒዩተሩ ፕሮግራም፣ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ከሚለካ ከአንድ መሣሪያ ብቻ የተሳሳተ ቁጥር ተቀብሎ አፍንጫውን ወደ ታች ደጋግሞ ገፍቷል።

አየር መንገዱ የማክስ ምስለ በረራ ከነበራቸው ጥቂት ድርጅቶች አንዱ ነበር። ሆኖም በዚያው ወር ባወጣው መግለጫ፣ መሣሪያው የኤምካስን ብልሽት ለማሳየት የተዘጋጀ አለመሆኑን አስታወቀ። ቦይንግም በግንቦት ወር የምስለ በረራውን ፕሮግራም ማረሙን ገለጸ። የአውሮፕላኑ ቅርጽ፣ ድምፁ፣ እንቅስቃሴው ሁሉ በምስሉ ውስጥ ነበረ፤ የጎደለው የኮምፒዩተሩ ክፉ ጠባይ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ጉድለት ከሻካራ ምስል ይከፋል፤ ሻካራው ምስል ጉድለቱን ራሱ ይናገራልና።

ተቃራኒው ምሳሌ የታየው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ነው። የአሜሪካ የበረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አብራሪዎች በቦይንግ የመሐንዲሶች ምስለ በረራ ላይ ሆነው፣ በበረራ ኮምፒዩተሩ ፕሮሰሰር ውስጥ ጥቂት ቢቶች ማለት 0 የነበረው 1፣ 1 የነበረው 0 ሆኖ ቢገለበጥ ምን እንደሚከተል ተፈተነ። አፍንጫው ወደ ታች ሲገፋ ከሦስቱ አብራሪዎች አንዱ አውሮፕላኑን በጊዜው ሊመልሰው አልቻለም። በእውነተኛ አውሮፕላን ይህን መሞከር የማይታሰብ ነበር። ከዚህ በኋላ፣ ቀድሞ በየበረራው ተራ በተራ ይሠሩ የነበሩት ሁለቱ ኮምፒዩተሮች አብረው እየሠሩ አንዱ የሌላውን ውጤት እንዲያመሳክር ተደረገ።

አውሮፕላኑ በአሜሪካ እንደገና እንዲበር በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሲፈቀድ፣ አብራሪዎች አስቀድመው በምስለ በረራ እንዲሠለጥኑ ግዴታ ሆነ፤ በሥልጠናውም የጭራውን ክንፍ የሚያዘነብለውን መንኮራኩር በእጃቸው ያዞራሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።