ከተማዋ የተከተለችው መንገድ

ቶሮንቶ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳ ሐበሻ «ፎር ኦ ዋን» ሲል ከተማዋን ከምሥራቅ ምዕራብ የሚሰነጥቀውን አውራ ጎዳና ማለቱ ነው። መንገዱ ሲወጠን ግን «የቶሮንቶ ማለፊያ» ይባል ነበር፤ የታሰበውም ከተማዋን በሰሜን፣ በእርሻ መሬት በኩል ዞሮ ለማለፍ ነበር።

401 የሚለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1952 ተሰጠው። በጥቅምት 1954 ሄዘል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ የሀምበር ወንዝ ሞልቶ በዳርቻው የነበሩ ቤቶችን ጠራርጎ ወሰደ፤ የማለፊያውንም ድልድይ ክፉኛ ጎዳው። እንደዚያም ሆኖ መንገዱ በ1956 በአራት መስመር ተጠናቀቀ።

መንገዱ ከተማዋን ሲሸሽ ከተማዋ ተከተለችው። እርሻው ቤትና ፋብሪካ ሆነ፤ በ1964 ዮርክዴል የተባለው ግዙፍ የገበያ ማዕከል ጥጉ ላይ ተከፈተ። መሐንዲሶች ከ1963 ጀምሮ አራቱን መስመር ወደ 12 ሲያሰፉ ዘዴውን ከቺካጎው የዳን ራያን አውራ ጎዳና ወሰዱ፤ በየአቅጣጫው ጎን ለጎን ሁለት መንገድ ዘረጉ። የውስጡ ለርቀት ተጓዥ ነው፣ ሰሌዳውም አረንጓዴ፤ የውጪው ለሚገባና ለሚወጣ፣ ሰሌዳውም ሰማያዊ። በጊዜ ወደ ውጪው ያልተሻገረ ሾፌር መውጫውን በዓይኑ እያየ ያልፈዋል።

ዛሬ አንዳንድ ቦታ 18 መስመር ደርሷል፤ በቀን ከ400 ሺህ በላይ ተሽከርካሪ ይተላለፍበታል።

ለመጨናነቁ መፍትሔ የተባለው ሌላ ማለፊያ ነበር። በ1997 ከ401 በስተሰሜን በክፍያ የሚታለፍበት ሀይዌይ 407 ተከፈተ፤ ገንዘብ ተቀባይ የለውም፣ ታርጋውን ካሜራ ያነሳና ሂሳቡ ቤት ድረስ ይመጣል። የኦንታሪዮ መንግሥት በ1999 መንገዱን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለግል ኩባንያዎች አከራየው፤ ያውም ለ99 ዓመት! ክፍያው የከበደው ባለ ከባድ መኪና ግን አሁንም 401 ላይ ይሰለፋል።