ጳጉሜንን የማያውቀው ሰዓት

የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት ቀኑንና ወሩን፣ የጨረቃን መሙላትና መጉደል ሳይቀር ይቆጥራል፤ ጳጉሜንን ግን አያውቃትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ክሪስቲስ ጄኔቫ ላይ ሊያጫርተው ሲል የባለቤትነት ክርክር ተነሥቶ ከጨረታው ወጣ፤ በ2017 ግን እዚያው 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ።

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ እኔ ቤት ያለውን የአባቴን ሰዓት የሚያጫርት የለም። ሰዓት ሠሪው አጽድቶና ዘይት ሰጥቶ ሲያበቃ፣ «ገጹ ወይቧል፤ እንደ አዲስ ልቀባልህ?» አለኝ። እምቢ አልሁ። የሰዓት ታሪክ የሚነበበው ባለቤቱ ሲያየው በኖረው ገጽ ላይ ነው፤ ቀለም ከለበሰ ምስክርነቱ ይቀራል። ፎቶግራፍ ሳነሣውም፣ እንደ አባቴ ልማድ፣ እኩለ ቀኑን በእኛው አቆጣጠር 6 ሰዓት ላይ አቆመዋለሁ።