ልጆች በመኪና ሲጓዙ፦ ከፍ ማድረጊያ ወንበር ለማን ያስፈልጋል? እንዴትስ ይመረጣል?

ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ በኩል ወደ ገላባት የሚወስደው አስፋልት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ የደረሰ መንገደኛ ደግሞ በገንዳ ውኃና በአይከል አድርጎ ጎንደር እስኪገባ ድረስ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይቀረዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ቆላ ተነስቶ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ወደሆነው ደጋ የሚያወጣው ይህ መስመር ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ ሰሊጥና ማሽላ የጫኑ ከባድ መኪኖች፣ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ይመላለሱበታል።

በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ውስጥ ሁልጊዜም ሕፃናት አሉ። በኅዳር 2013 ዓ.ም ከትግራይ ተሰደው ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ ከተወሰዱት መካከል ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ ጉዞው ተገልብጦ፣ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መተማ ጎርፈዋል። ነፍስን ለማዳን በሚደረግ ሽሽት ስለ መቀመጫ ዓይነት የሚጠይቅ የለም፤ ሊጠየቅም አይገባም። ነገር ግን ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ በሚደረገው የዘወትር ጉዞም ቢሆን ልጅ የሚቀመጠው በአብዛኛው በእናቱ ጭን ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ለሞት ቀዳሚው ምክንያትም ይኸው አደጋ ነው። በመኪና ውስጥ ያለን ልጅ ከሞትና ከከባድ ጉዳት ከሚታደጉት ነገሮች አንዱ ለቁመቱና ለክብደቱ የሚስማማ መቀመጫ ነው።

የእናት እቅፍ ለምን አይበቃም?

አንቀልባና እቅፍ ልጅን ለዘመናት ከብርድ፣ ከፀሐይና ከውድቀት ሲጠብቁ ኖረዋል። የመኪና ግጭት ኃይል ግን ከሰው ክንድ አቅም በላይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ አስረኛ ሰከንድ ውስጥ ቢቆም፣ 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ወደፊት የሚወረወርበት ኃይል ወደ 170 ኪሎ ከሚጠጋ ክብደት ጋር እኩል ይሆናል። ይህም ከአንድ ኩንታል ተኩል ሰሊጥ ይበልጣል። በዚያች ቅጽበት ይህን ሸክም በክንዱ ሊይዝ የሚችል ሰው የለም። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ፍጥነት መጋጨት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደ መውደቅ ነው።

እናትና ልጅን በአንድ ቀበቶ ማሰርም መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም አደጋውን ያብሰዋል። በግጭት ጊዜ የእናትየዋ ሰውነት ልጁን ከቀበቶው ጋር ይጨፈልቀዋል።

ከፍ ማድረጊያ ወንበር ምንድን ነው?

በተለምዶ ‘ቡስተር’ እየተባለ የሚጠራው ይህ መቀመጫ ልጁን ራሱ አያስርም። ሥራው ልጁን ከፍ አድርጎ የመኪናው ቀበቶ በትክክለኛው ቦታ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። የመኪና ቀበቶ የተሠራው ለአዋቂ ሰው አካል በመሆኑ፣ ያለ ከፍ ማድረጊያ የተቀመጠ ልጅ የታችኛው ቀበቶ ከዳሌ አጥንቱ ላይ ተነስቶ ሆዱ ላይ ይወጣበታል፤ የላይኛው ደግሞ አንገቱን ይቆርጠዋል። በግጭት ጊዜ ሆድ ላይ ያረፈ ቀበቶ አንጀትን፣ ጉበትንና አከርካሪን ሊጎዳ ይችላል። የዳሌ አጥንት ግን ጠንካራ ስለሆነ ኃይሉን ይሸከማል።

ሐሳቡ ከስዊድን የመጣ ነው። በቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር በርቲል አልድማን እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1964 ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ የልጅ ወንበር ሞከሩ። ቮልቮ የተባለው መኪና አምራች ደግሞ በ1978 የመጀመሪያውን ከፍ ማድረጊያ አቀረበ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚገልጸው፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች በከፍ ማድረጊያ ሲቀመጡ በቀበቶ ብቻ ከመታሰር ይልቅ ለከባድ ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው በ45 በመቶ ይቀንሳል።

ለየትኛው ልጅ የትኛው መቀመጫ?

የልጅ መቀመጫ ሦስት ደረጃዎች አሉት።

የመጀመሪያው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ ያዞረ መቀመጫ ነው። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ገና ያልጠነከረ ስለሆነ በግጭት ጊዜ ጀርባውና ራሱ አንድ ላይ መደገፍ አለባቸው። በአውሮፓ ሥራ ላይ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ሕፃናት ቢያንስ እስከ 15 ወር በዚህ መልክ እንዲቀመጡ ያዛል። የሕፃናት ሐኪሞች ግን መቀመጫው እስከቻለ ድረስ እንዲቆዩበት ይመክራሉ።

ሁለተኛው ፊቱን ወደፊት ያደረገና የራሱ ማሰሪያ ያለው መቀመጫ ነው። ሦስተኛው ከፍ ማድረጊያው ሲሆን፣ ልጁ ቢያንስ 4 ዓመት ሞልቶት፣ 18 ኪሎ ገደማ መዝኖና ሳይንቀዠቀዥ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ሲችል የሚሸጋገርበት ነው። ወደሚቀጥለው ደረጃ ለመሸጋገር መቸኮል አያስፈልግም፤ ልጁ ያለበት መቀመጫ እስኪጠበው ድረስ ይቆይ።

እዚህ ላይ ለእኛ አካባቢ ልዩ ትርጉም ያለው ነጥብ አለ። የመቀመጫ ምርጫ የሚወሰነው በዕድሜ ሳይሆን በቁመትና በክብደት ነው። እንደ አውሮፓውያኑ በ2019 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ‘የ8 ዓመት ልጅ ነው፣ አያስፈልገውም’ ከማለት በፊት ልጁን ግድግዳ አስጠግቶ መለካት ይበጃል።

ጀርባ ያለው ወይስ የሌለው?

ከፍ ማድረጊያ ሁለት ዓይነት ነው። ጀርባ ያለው የላይኛውን ቀበቶ በትከሻ ላይ ይመራል፤ ራስንም ከጎን ይደግፋል። በረጅም መንገድ እንቅልፍ የወሰደው ልጅም ከቀበቶው ተንሸራቶ እንዳይወጣ ይረዳል። ጀርባ የሌለው ርካሽና ለመሸከም ቀላል ቢሆንም፣ የመኪናው ወንበር ቢያንስ እስከ ልጁ ጆሮ የሚደርስ የራስ መደገፊያ ሊኖረው ይገባል። በአካባቢያችን በሚታዩት አሮጌ መኪኖች የኋላ ወንበር ላይ ይህ ድጋፍ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ምርጫ ላለው ሰው ጀርባ ያለው ይመረጣል። በብሪታኒያ ከ2017 ወዲህ አዲስ የሚፈቀዱ ጀርባ የለሽ መቀመጫዎች ከ125 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሚረዝሙና ከ22 ኪሎ በላይ ለሚመዝኑ ልጆች ብቻ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ሊታወስ የሚገባው ግን ይህ ነው፦ ከፍ ማድረጊያ የሚሠራው ወገብንና ትከሻን አንድ ላይ ከሚያስር ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ጋር ብቻ ነው። ወገብ ብቻ የሚያስር ቀበቶ ባለበት ወንበር ላይ መጠቀም አደገኛ ነው። ስለዚህ መቀመጫ ከመግዛት በፊት የራስን መኪና ቀበቶ ስቦ ማየት ይቀድማል።

ከውጭ የመጣ ወይም ያገለገለ መቀመጫ ሲገኝ

ብዙ ቤተሰቦች እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያገኙት ከባሕረ ሰላጤው አገራት፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በሚልኩ ዘመዶች አማካይነት ነው። በሚከተሉት ነጥቦች መመዘን ይቻላል።

• ምልክቱ፦ በአውሮፓ መስፈርት የተሠራ መቀመጫ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን ፊደል ‘ኢ’ እና የአገር ቁጥር ያለበት ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ደንብ 129 አዲሱ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ደንብ 44 ነው፤ የዚህኛው ቁጥር በ03 ወይም በ04 ሊጀምር ይገባል። በአሜሪካ የተሠራው የፌዴራሉን የተሽከርካሪ ደኅንነት መስፈርት ቁጥር 213 ማሟላቱ ይጻፍበታል።

• ታሪኩ፦ ግጭት የደረሰበት መቀመጫ ስንጥቁ በዓይን ባይታይም ሊከዳ ይችላል። ታሪኩን ከማያውቁት ሰው አለመግዛት ይመረጣል።

• ዕድሜው፦ ፕላስቲክ በፀሐይ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። በብዙ መቀመጫዎች ሥር የተመረተበት ቀን፣ በአንዳንዶቹም የአገልግሎት ማብቂያው ይገኛል።

ልጁ በትክክል መቀመጡ በምን ይታወቃል?

የታችኛው ቀበቶ ከሆድ በታች፣ ዳሌና ጭን በሚገናኙበት ቦታ ጠበቅ ብሎ ይረፍ። የላይኛው ቀበቶ በአንገትና በትከሻ ጫፍ መካከል ይለፍ እንጂ ከብብት ሥር ወይም ከጀርባ ኋላ አይሁን። ጀርባው ከመደገፊያው ጋር ይጣበቅ። ወፍራም ካፖርት ወይም ጋቢ ከቀበቶው ሥር ከሆነ ቀበቶውን ስለሚያላላ፣ ከታሰረ በኋላ በላዩ ላይ ማልበስ ይሻላል።

ልጁ ከፍ ማድረጊያውን የሚተወው ያለ እርሱ ሲቀመጥ ጉልበቱ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ሲታጠፍና ቀበቶውም በተጠቀሱት ቦታዎች ሲያርፍ ነው። ይህ የሚሆነው ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ማለትም ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የአገራት ሕግ ግን ይለያያል። በብሪታኒያ 12 ዓመት ወይም 135 ሴንቲ ሜትር፣ በጀርመን 12 ዓመት ወይም 150 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ግዴታ ነው። የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ከ2017 ጀምሮ እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች የልጅ መቀመጫን ግዴታ አድርጋለች።

መቀመጫ ከሌለስ?

ለብዙ አንባቢዎች እውነታው ይህ ነው። መቀመጫ ባይኖርም አደጋውን መቀነስ ይቻላል።

ልጅ ከጋቢና ይልቅ በኋላ ወንበር ይቀመጥ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን መቀመጫ ደግሞ ከፊቱ የአየር ከረጢት በሚሠራበት ጋቢና ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ ሕፃኑን ሊገድል ይችላል። በሚኒባስ ሲጓዙ በእቅፍ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም። አቅም ከፈቀደ ግን ለልጁ የራሱን ወንበር ከፍሎ፣ ቀበቶ ካለው ማሰር የተሻለ ነው። ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ ማድረጊያን አይተካም፤ በግጭት ጊዜ ተጨምቆ ይሾልካልና ልጁ ከቀበቶው ሥር እንዲንሸራተት ያደርጋል። በፒክአፕ የጭነት ቦታ ላይ ልጅን ማሳፈር ከሁሉም የከፋው ነው። አሽከርካሪው ፍጥነት እንዲቀንስ መጠየቅም የወላጅ መብት ነው።

ሙቀቱም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በገዳሪፍና በመተማ በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ስለሚችል፣ ልጅን ለአፍታም ቢሆን ብቻውን ትቶ መውረድ አይገባም። የቀበቶው ብረት የልጅ ቆዳ ስለሚያቃጥል፣ መኪናው ሲቆም መቀመጫውን በጨርቅ መሸፈን፣ ከማሰር በፊትም ብረቱን በእጅ መዳሰስ ይበጃል።

‘ሳይቃጠል በቅጠል’ እንደሚባለው፣ ቀበቶ ሥራውን የሚሠራው ከግጭቱ በፊት ከታሰረ ብቻ ነው። ለአጭር መንገድ ብሎ መተውም አያዋጣም፤ ከቤት እስከ ገበያ ባለው መንገድም ግጭት ይደርሳልና። ልጅ መታሰርን የሚለምደው ደግሞ አዋቂዎቹ ራሳቸው ሲታሰሩ ሲያይ ነው።